የማይሞተው አክተር

ታምሩ አምስተኛውን ፖስተር በአራቱ ላይ ለጠፈው። የቪዲዮ ቤቱ የቆርቆሮ በር በዱቄት ሙጫ ተደራርቦ ተደራርቦ እንደ ፍራሽ ወፍሯል። ካባ ለባሹ በራሪ ሰው እንደ ወትሮው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ታምሩ ከሥሩ በቀይ ቀለም «ክፍል አምስት፣ ዛሬ ከሰዓት» ብሎ ጻፈና ወደኋላ ራቅ ብሎ አየው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ሁለቱም እዚያ በር ላይ ነበሩ።

ክፍል አንድ የመጣ ጊዜማ የእነ ታምሩ ሰፈር፣ የክፍለ ሀገሩ አዲስ ከተማ፣ ተገልብጦ ነበር! አግዳሚው ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ አይቷል። ያ ሁሉ ሰው የመጣው ግን ለበራሪው ብቻ አልነበረም፤ ለሁለት ድምፆች ጭምር ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፤ ታምሩ በማይክሮፎን ወንዶቹን ይሆናል፣ ሚስቱ ብርቅዬ ሴቶቹን። እንግሊዝኛው ለሁለቱም እምብዛም አይገባቸውም። የተዋንያኑን ፊት እያዩ ከልባቸው ይሞሉታል፤ ሰዉም የሚወደው ይኼንኑ ነበር። በክፍል ሦስት አግዳሚው ሳሳ። በክፍል አራት ተመልካቹ መሃል ላይ እየተነሳ ከመንገዱ ማዶ ወደተከፈተው የኳስ ማሳያ ቤት ተሻገረ።

ሚስቱም እንዲሁ ነበር የሳሳችበት። አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ታምሩ «ነገ ተመለስኩ» ብሎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መርካቶ አንዲት ሴት አለችው፣ እዚያው ይቀራል። ወራት አልፈው ፊልሙን በብብቱ ይዞ ሲመጣ ሽማግሌ ይልካል፤ ብርቅዬም አልቅሳ ትታረቃለች። አራት ጊዜ። አሁን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ናት።

ጠዋት አቶ ገብረጻድቅ ቤት ሄዶ ነበር። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ አዳመጡት።

«ልጄ፣ አራት ጊዜ ላንተ ጋቢዬን ለብሻለሁ» አሉት። «‹ከእንግዲህ አይለምደውም› እያልኩ በነጭ ፀጉሬ ዋስ ሆንኩህ። ዛሬ የዚያችን ልጅ ዓይን የማይበት ፊት የለኝም።»

«አንዴ ብቻ፣ አባቴ። የመጨረሻዬ ነው።»

«እሱንም ቃል ባለፈው እኔው ነበርኩ ያደረስኩልህ።»

ታምሩ ብቻውን በባጃጅ ምሥራቅ ወረደ። ብርቅዬ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። ከስታለች። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና የመጣለት ሌላ ነገር ሆነ።

«ፊልሙ መጥቷል። ሴትየዋን ማን ይናገርላት?»

የጨመቀችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ዘረጋች።

«እመጣለሁ» አለች።

አቤት ደስታው! በሰላም ከመጣች፣ ከአጠገቡ ከተቀመጠች፣ ያው እንደ ሁልጊዜው ወደ ቤቷ ትገባለች ብሎ ደመደመ። ሲመለስ ጉሮሮዋን የምታርስበትን ሚሪንዳ ገዝቶ ከወንበሯ ሥር አኖረላት።

ፊልሙ ሲጀመር ከፊት አግዳሚ ላይ ጥቂት ጎረምሶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ማዶ የኳሱ ጨዋታ እስኪጀምር ጊዜ ማሳለፋቸው ነው። ብርቅዬ በነጠላዋ ተሸፋፍና ገባች፤ ማይክሮፎኗን አነሳች፤ ሚሪንዳውን አልነካችም።

በራሪው ከፎቅ ተወረወረ። ታምሩ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። ድሮ ይቺን ጊዜ ቤቱ በአንድ አፍ «አክተሩ አይሞትም!» እያለ ጣራውን ያነሳው ነበር። ዛሬ አንዱ ጎረምሳ እያዛጋ «አይሞትም ባክህ፣ እናውቃለን» አለ። ሌሎቹ ሳቁ።

ታምሩ ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ ወደ ብርቅዬ ዘንበል አለ።

«ምን ነካቸው?»

«ምን ይሆናል ብለው ይፍሩለት?» አለችው፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። በፈረሰ ድልድይ ላይ በራሪው ካባው ተቀዶ ቆሟል፤ ሴትየዋ እየሮጠች ትመጣለች። ታምሩ በየክፍሉ እዚህ ቦታ ላይ የሚያስገባትን ቃል ያውቃታል። ድምፁን አለሰለሰ።

«ተመልሻለሁ፣ ፍቅሬ። ከእንግዲህ አልለይሽም።»

የሴትየዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«አትመለስ» አለች ብርቅዬ።

ጎረምሶቹ ቀና አሉ።

«አራት ጊዜ መጣህ፣ አራት ጊዜ ከፈትኩልህ። አልጠላሁህም። ምነው በጠላሁህ! አንጀቴ እርር እያለ ደጅ ደጁን ሳይ፣ አንተ እዚያ ተኝተህ ‹የት ትሄዳለች› ትል ነበር። የትም እንደማልሄድብህ ስላወቅህ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹አጣት ይሆን› ብለህ አልፈራህልኝም። እኔን የገደለኝ እሱ ነው።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ሴትየዋ በራሪውን አንገቱን አቅፋ ታለቅሳለች። ብርቅዬ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ ጨረሰችው።

«ደህና ሁን። ሽማግሌ አትላክ፤ አንተም አትምጣ።»

ማይክሮፎኑን ወንበሯ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። በሩ ሲከፈት የከሰዓቱ ፀሐይ ገብቶ ምስሉን አጠፋው፤ ሲዘጋ ምስሉ ተመለሰ። ከማዶ የኳስ ቤቱ ጩኸት ተሰማ፤ ጨዋታው ጀምሯል። ከጎረምሶቹ ግን የተነሳ የለም። ያ ሲያዛጋ የነበረው ጉልበቱን አቅፎ ወደ ፊት ተስቧል።

በራሪው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ተራው የታምሩ ነው። አንዲት ቃል ብቻ፣ «ቆይ» ብሎ ሊጠራት ፈለገ፤ እስከዛሬ ለስንቱ ቃል የሞላ አፍ ዛሬ ባዶ ሆነበት።

«ጋሼ ታምሩ፣ ምን አላት?» አለ ጎረምሳው ቀስ ብሎ። «ትመለሳለች አይደል?»

ታምሩ ማይክሮፎኑን ማጥፋት ረሳ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ከዚያም ሲያለቅስ፣ በበሩ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ። ብርቅዬ ባጃጅ እየጠበቀች እዚያው መንገድ ዳር ቆማ ነበር።