ፀሐይ የጠጣ ውሃ

ባልቴቷ የመጨረሻውን የፕላስቲክ ጠርሙስ የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አጋድማ መሰላሉን እየወረደች ሳለ የመኪና ክላክስ ሰማች። መጡ። አንድ እግሯ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

"ኧረ ቀስ ይበሉ እትዬ! የልጅ ልጅ ሳያሳድጉ ወገብዎን ሊሰብሩት ነው?" አለ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ። "እነዚህ ጠርሙሶች እንደሆኑ ከእኛ በላይ ፀሐይ ጠግበዋል።"

"አንተ መርፌህን ጠብቅ" አለችው። ግን ሳቋን መደበቅ አልቻለችም። ደስ ብሏታል።

የምራቷ የወሊድ ፈቃድ አልቆ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ሕፃኗ ወይ እዚህ አያቷ ዘንድ ትውላለች፣ ወይ በክፍያ ሕፃናት ማቆያ። ዛሬ ቤቱን አይተው ሊወስኑ ነው የመጡት። ባልቴቷ ሰሞኑን ወለሉን ስትፈትግ፣ የጠረጴዛውን ሹል ጠርዝ በጨርቅ ስትጠቀልል ሰነበተች። ብቻዋን ስትሆን ባዶ እጇን እያወዛወዘች እሹሩሩ ማለት ጀምራም ነበር።

ምራቷ ሕፃኗን አቅፋ ገባች። የባልቴቷ ልጅ ዳይፐር፣ ቦርሳና አንድ እሽግ ውሃ ተሸክሞ ተከተላት።

"ይሄ ደግሞ ለምኑ ነው? ቤት ውሃ ሞልቶ?" አለች ባልቴቷ።

"ለወተቷ መበጥበጫ ነው እማማ" አለች ምራቷ። ፈገግታዋ ከጥርሷ አላለፈም። ሕፃኗን አልጋው ላይ አስተኝታ ቀና ስትል፣ በመስኮቱ በኩል የዕቃ ቤቱን ጣሪያ አየች። ጠርሙሶቹ ጎን ለጎን ተጋድመው ያብለጨልጫሉ።

"እማማ፣ ያ ምንድነው?"

"ውሃዬ ነዋ። ከቧንቧ ቀድቼ ፀሐይ ላይ አውለዋለሁ። ተህዋሱ ይሞታል።"

"በፕላስቲክ? ፀሐይ ላይ?" ምራቷ ስልኳን አወጣች። "ፕላስቲኩ እኮ ሲሞቅ ውሃው ውስጥ ይገባል። ይኸውና፣ ዶክተር ነው የሚናገረው፣ ይስሙት።"

"እኔንም ያስተማረችኝ ነርስ ናት።"

ልጇ ገና ሲድህ ታላቅ እህቱ በተቅማጥ ሞታባት ነበር። ከለቅሶው በኋላ ነርሷ ቤቷ ድረስ መጣች። ጥርት ያለ ውሃ፣ ንጹሕ ጠርሙስ፣ ሙሉ ቀን ፀሐይ፤ በቃ አለቻት። ውሃ ለማፍላት ከሰል መግዣ ላጣች ሴት ፀሐይ በነጻ ነበረች። ልጁም በዚያ ውሃ አደገ። ነርሷ እርግጥ ሌላም ነገር ብላታለች፤ ጠርሙሱ ሲጫጫር ብርሃን አያሳልፍምና ጣይው፣ አዲስ ተኪ። ይህን ባልቴቷ አልረሳችውም። ያልተቀደደ ዕቃ መጣል ግን እጇ እምቢ አላት። አሁን አንዳንዶቹ ጠርሙሶች እንደ አሮጊት ዓይን ደፍርሰዋል።

"ባልሽን ያሳደገው ይሄ ውሃ ነው" አለች። "እይው፣ ምን ጎደለው?"

"እማማ፣ እኔ ተጠይፌዎት አይደለም። ፈርቼ ነው። ከወለድኩ ወዲህ ሁሉን ነገር እፈራለሁ።"

"መጠየፍ" የሚለውን ቃል እስከዚያች ደቂቃ ማንም አላነሳውም ነበር።

ባልቴቷ ጎንበስ ብላ እሽጉን ዳሰሰችው። መኪናው ኋላ በፀሐይ ሲቀቀል የመጣ ውሃ ነው፤ ገና እንደታለበ ወተት ይሞቃል።

"ይሄንንስ ፀሐይ አልነካውም?"

"እሱ የታሸገ ነው" አለች ምራቷ።

ባልቴቷ ወደ ልጇ ዞረች። "አንተስ? አፍህን ማን ለጎመው?"

ልጇ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ አሽከረከረ። "እኔ ምን ልበል እማዬ... ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።"

"ሁለታችንም ልክ ከሆንን ልጅህ ምን ትጠጣ?"

ልጇ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ባልቴቷ ትንፋሿን ሰብስባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሕፃኗ ተረከዝ ከፎጣው ወጥቶ ነበርና ሸፈነችው።

"እሺ፣ እንዲህ ይሁን" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ለሷ በድስት አፈላለሁ። በብርጭቆ አቀዘቅዘዋለሁ። እነዚያን ጠርሙሶችም ዛሬውኑ አወርዳቸዋለሁ፤ እጥላቸዋለሁ። በቃ?"

ምራቷ ባሏን አየችው። ባሏ ወለሉን አየ።

"ማቆያው የውሃ ማጣሪያ አለው እማማ" አለች በመጨረሻ። "ካሜራም አለው። ሥራ ላይ ሆኜ አያታለሁ።"

"አስመዝግባችኋታል እንዴ?"

"ለጊዜው ነው እማዬ" ልጇ ቸኮለ። "እንሞክረው ብለን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናመጣታለን፣ ከፈለግሽ..."

"መቼ አስመዘገባችኋት?"

"ባለፈው ሳምንት።"

እሷ ወለሉን ስትፈትግ ማለት ነው። ሕፃኗን ከአልጋው አንስታ፣ አንገቷ ሥር አሽትታ፣ ለእናቷ አስረከበቻት። ምራቷ የአማቷን እጅ ስማ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ መኪናው ሄደች።

ልጇ እሽጉን ሊወስድ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ አነሳውና መልሶ አስቀመጠው።

"ጉሮሮዬ ደርቋል እማዬ። እስቲ ከዚያ ከውሃሽ ትንሽ ስጪኝ።" በትከሻው አሻግሮ ወደ መኪናው ገልመጥ አለና በሩን በእግሩ ገፋ አድርጎ ገርበብ አደረገው። "ቶሎ በይ፣ እሷ ሳታየኝ።"

እጇ በልማድ ብርጭቆውን አነሳ። በዕድሜዋ ውሃ የጠየቃትን ሰው መልሳ አታውቅም፤ የተጣላችውን እንኳ። ልጇ ደጁን በዓይኑ እየጠበቀ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ልክ አረቄ እንደሚደብቅ ሰው።

ብርጭቆውን ደፍታ መልሳ አስቀመጠችው። ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ውሃ የለም ልጄ" አለችው። "ሂድ፣ ሚስትህ እየጠበቀችህ ነው።"