ወደ ጎን የማያውቁ ጥዶች

ጥዶቹ በተተከሉ ቀን ቤት የነበሩት አባትየው፣ የአባትየው የመጨረሻ ታናሽ እህት፣ ልጃቸው ልብስ ሰፊዋና ወንድሟ ዳቦ ጋጋሪው ናቸው። ቀኑ እሑድ ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ገና አልደረቀም። ሦስቱ ግቢ ውስጥ ሲቆፍሩ አባትየው በመስኮት ያዩ ነበር። ወደ ውጭ መውጣት ካቆሙ ከርመዋል።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በዓመቱ ደም ግፊት ጣላቸውና ግራ ጎናቸው ሰነፈ። ሐኪሙ "በየቀኑ ካልተራመዱ እግሩ እንደ እንጨት ይገተራል" ብሏቸው ነበር። እሳቸውም መጀመሪያ ላይ በምርኩዝ እየተደገፉ ከበር እስከ ግንቡ ጥግ ይመላለሱ ነበር። ኋላ ግን የጎረቤት ቤት ፎቅ ተጨመረበትና በረንዳው ግቢያቸው ላይ አፈጠጠ።

በረንዳው ላይ ልብስ የምታሰጣው ሴት ክፉ ብትሆን በተሻለ። ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ይታለፋል። እሷ ግን ደግ ናት። ባየቻቸው ቁጥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬስ ትንሽ ተሻለዎት? አይዞዎት፣ ቀስ ይበሉ" ትላቸዋለች። ያን ያህል ሰው በመሪያቸው አዙረው የኖሩ ሰው፣ መንገደኛው እየሰማ "ቀስ ይበሉ" መባል አንጀታቸውን ቆረጠው። አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ከበሩ ጀርባ አስደግፈው ገቡ፤ በዚያው ቀሩ። እግራቸውም ሐኪሙ እንዳለው ይገተር ጀመር።

በረንዳውን በዛፍ የመጋረዱን መላ ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ቅርንጫፉን የሚዘረጋ ዛፍ ቢተከልበት አባትየው የሚራመዱባትን ያቺኑ መንገድ ይበላታል። ችግኝ ሻጩ ታዲያ እንደ ሻማ ቀጥ ያለ፣ በጋ ከክረምት ቅጠሉ የማይረግፍ ቀጭን ጥድ አሳያት።

"ይሄ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አያውቅም" አላት። "እንደ ዘመድ መጥቶ አይንሰራፋብሽም። ሥር እስኪይዝ ብቻ ውሃ እንዳትነፍጉት።"

ስድስት ጥዶች በጋሪ መጡ፤ ከወዲሁ ከሰው ቁመት ያልፋሉ። ዳቦ ጋጋሪው ሌሊቱን ሥራ ላይ አድሮ፣ እንቅልፍ ባልነካው ዓይኑ በግንቡ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ። አፈሩ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነበር።

"ይሄ ሊጥ ነው" አለ አካፋውን በእግሩ እየጠረገ። "እዚህም ተከትሎኝ መጣ።"

"እንግዲህ አቡካው፤ እጅህ ለምዷል" አለችው አክስቱ።

ይህ ቤተሰብ አንድ አመል ነበረው። አባትየው ከመውደቃቸው በፊት መድኃኒታቸውን ልብስ ሰፊዋ ወንድሜ ሰጥቷቸዋል ብላ፣ ወንድምየው አክስቴ ሰጥታቸዋለች ብሎ፣ አክስትየዋም ልጆቹ አሉ ብላ፣ እሳቸው ለብዙ ቀን ሳይውጡ ከርመው ነበር። ነገሩን ከዚያ ወዲያ ያነሳው የለም። ነገር ግን በዚያ ቤት "አድርገሃል? አድርገሻል?" ብሎ መጠየቅ ጣት እንደ መቀሰር ሆነ። ስለዚህ ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ያደርገዋል። በሩ ሁለቴ ይቆለፋል፤ ሾርባው ሁለቴ ጨው ይገባበታል፤ በልተውም ዝም ይላሉ።

ጥዶቹም እንደዚያው። ዳቦ ጋጋሪው ጎህ ሲቀድ ከሥራ ገብቶ፣ ከመተኛቱ በፊት በባልዲ ያጠጣቸዋል። አክስትየዋ ቀን ልብስ ስታጥብ የመጨረሻውን ንጹሕ ውሃ ትደፋላቸዋለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ማታ ከስፌት መኪናዋ ስትነሣ፣ ወገቧን ይዛ በጎማ ታጠጣለች። አንዱ ሌላውን አላየም።

ትንሽ ቆይቶ ጥዶቹ ከሥር ጀምረው ቢጫ ሆኑ።

"ዓይን ነው" አለች አክስትየዋ ወደ በረንዳው በከንፈሯ እያመለከተች።

"ዓይን ቢሆንማ ቀድመሽ የምትደርቂው አንቺ ነበርሽ" አላት ዳቦ ጋጋሪው። "ቀኑን ሙሉ የምታየው አንቺን ነው።"

"እኔማ ከደረቅሁ ቆየሁ። ልብ ያለኝ ሰው የለም እንጂ።"

ሁሉም በየልቡ የጠማቸው መሰለው፤ ሁሉም በየፊናው ውሃ ጨመረ።

አንድ ቀን ማታ ልብስ ሰፊዋ ከሁሉ የከፋውን ጥድ ነካ ስታደርገው ዘመመ። ሳብ ስታደርገው ከነሥሩ ወጣ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል፤ ሥሩ ጠቁሮ እንደ ቦይ ይሸታል። እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ወንድሟንና አክስቷን ጠራቻቸው።

"እኔ ማታ ማታ አጠጣለሁ" አለቻቸው። "እናንተስ?"

ዳቦ ጋጋሪው መሬት መሬት አየ። "ጠዋት" አለ።

"እኔ... ውሃው ከሚደፋ ብዬ ነው" አለች አክስትየዋ። "ለምን አልጠየቃችሁኝም?"

የተናገረችው ምን እንደነካ ወዲያው ገብቷት ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልብስ ሰፊዋ በቀር ማንም እንዳይነካቸው፣ እሷም አፈሩ እስኪጠነፍፍ ምንም እንዳታጠጣ ተስማሙ።

አፈሩ ግን አልጠነፍፍ አለ። ሌላም ጥድ መድረቅ ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን ጠረጠረች፤ ቀጥሎ አክስቷን፤ በመጨረሻም መጠርጠሩ ራሱ ደከማት።

በዚያው ሰሞን የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ተደርቦባት ነበርና ሰፈሩ ሳይነሣ ተነሣች። የቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ብቅ ስትል አባቷን አየቻቸው። ቀኝ ትከሻቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በጆግ ውሃ ከጥድ ወደ ጥድ ይሄዳሉ። ግማሹ ውሃ እግራቸው ላይ ይፈሳል። በየጥዱ መካከል ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ።

መጀመሪያ ደስ አላት። ሰው ለምኗቸው እንቢ ያለውን እግር ጥዶቹ አስነሥተውታል። ወዲያው ግን ጆጉን አየች። ዝም ብትል ጥዶቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ ብትናገር ሰውየው ተመልሰው ይተኛሉ።

"አባባ" አለች።

ደነገጡ እንጂ ጆጉን አልጣሉትም። "አንቺ ልጅ፣ ምን ያስነሣሻል በዚህ ሰዓት?"

"እርስዎን ምን ያስነሣዎታል?"

"የተከላችሁት ለእኔ አይደል? ሲደርቅ በመስኮት ዝም ብዬ ልይ?"

"የሚያደርቃቸው እኮ ውሃው ነው። ጠጥተው ጠጥተው ሥራቸው በሰበሰ።"

አባትየው ጆጉን አዩት። "ታዲያ የገደልኋቸው እኔ ነኛ።"

"ተባብረን ነው።"

ጆጉን አቀበሏትና ግንቡን ይዘው ገቡ። በማግስቱ አልተነሡም፤ በሦስተኛውም ቀን። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ከአባቷ ክፍል የእግር ድምፅ ትጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። አንድ ከሰዓት በኋላ እጅጌ ገልብጣ መስፋቷን አየች፤ ፈታችውና መልሳ ገልብጣ ሰፋችው። ያን ጊዜ መቀሱን አስቀምጣ ወደ አባቷ ገባች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ መቼ ውሃ እንደሚያስፈልጋቸው የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ። ምርኩዙን አፈሩ ውስጥ ሰክተው ያውጡት። ጭቃ ይዞ ከወጣ አናጠጣም፤ ደርቆ ከወጣ ይነግሩኝና አጠጣለሁ።"

"ሥራ ፈጠርሽልኝ በይ" አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ። "ለማጽናናት።"

"ለማጽናናት አይደለም። ደክሞኛል አባባ።"

በዚያ ቤት ማንም ማንንም አግዘኝ ብሎ አያውቅም። አባትየው ዞረው አዩዋት። ከዓይኗ ሥር የጠቆረውን፣ መርፌ የበላውን ጣቷን አዩ።

"ጨለማ ውስጥ ጭቃው ከደረቁ አይለይም" አሉ በመጨረሻ።

"አይለይም።"

"በቀን መሆን አለበታ።"

"ያውም ፀሐይ ከወጣች በኋላ።"

ተነፈሱ። "ምርኩዙን ከበሩ ጀርባ አምጪልኝ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ አባትየው ወጡ። ሴትየዋ በረንዳው ላይ አንሶላ እያሰጣች ነበር፤ ስታያቸው እጇ ላይ ያለውን ሁሉ ረሳችው።

"ጋሼ! እንዴት አደሩ? ዛሬስ እንዴት ነው?"

አባትየው ምርኩዙን ከአፈሩ ነቅለው ጫፉን ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ገና እርጥብ ነው" አሉና ወደሚቀጥለው ጥድ አለፉ።

ከስድስቱ ጥዶች አራቱ ተረፉ። የደረቁትን ሁለቱን ዳቦ ጋጋሪው ከግቢው አውጥቶ ጣላቸው፤ በቦታቸው ሌላ አልተከሉም።