ያነበበው ማን ነው?

«ፍሬን! ፍሬን አልኩህ እኮ!»

ኤቢሴ ተማሪው እስኪረግጥ አልጠበቀችም። በራሷ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠችው፤ መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። አፍንጫቸው ሥር የቆመው የባጃጅ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ሰደባቸውና ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ተፈተለከ።

ተማሪው ንዋይ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ነው። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ይቅርታ አስተማሪ፣ መሪው ትንሽ…»

«መሪው ምን አደረገህ? የተኛው እግርህ ነው። ውረድ፤ ለዛሬ በቃህ።»

«ገና ግማሽ ሰዓት ይቀረኛል እኮ!»

«ሰኞ ትጨርሳለህ። ውረድ።»

ንዋይ እያጉረመረመ ወረደ። ዘጠኝ ዓመት መኪና መንዳት ስታሠለጥን ኤቢሴ በትዕግሥቷ ነበር የምትታወቀው። የፈራ ተማሪ ሲመጣ ኃላፊዋ «ለኤቢሴ ስጡት» ይል ነበር። ይሄ ሁሉ ከስድስት ሳምንት ወዲህ ጠፍቷል። ዛሬ ዓርብ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ኦቦ ማናሴ ቤት ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። እሷም የምትፈልገውን ታውቃለች፤ የቀድሞ ባሏ ጫምሳ ልጃቸውን ዳግመኛ እንዳይወስድ።

ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጫምሳ ላንጋኖ ዳር ካሉት ሎጆች በአንዱ የጀልባ ሞተርና ጄኔሬተር ይጠግናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ እየመጣ የሰባት ዓመቷን ጂጂን ይወስዳታል። ያኔ ያሸማገሏቸው ኦቦ ማናሴ ጸባቸውን አይተው አንድ ነገር ደንግገው ነበር። «በድምፅ አትነጋገሩ» ነበር ያሉት። «ስልክ ባነሳችሁ ቁጥር ስድብ ነው። የልጅቷን ጉዳይ በጽሑፍ፣ ባጭሩ ጨርሱ።» ኤቢሴ ደግሞ ጫምሳን ቴሌግራም ላይ ዘግታዋለች። ስለዚህ በመካከላቸው የቀረው መንገድ ተራ የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጂጂ ሆዷን ይዛ ወለል ላይ ተጣጠፈች። ትርፍ አንጀት ነው፣ ፈንድቷል፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ትግባ ተባለ። ኤቢሴ አንዴ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። ከዚያ ጻፈች። «ጂጂ ሆስፒታል ናት።» «ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው።» «ፈርሚ እያሉኝ ነው፣ ድረስ።» አራተኛው «ጫምሳ» የሚል ብቻ ነበር። አራቱም በሰማያዊ ቀለም ሄዱ። ከመጨረሻው ሥር በእንግሊዝኛ «ተነቧል» የሚል ጽሑፍ ከነሰዓቱ ብቅ ሲል ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንብቦ ዝም ካለማ አልለምነውም አለች በልቧ። ወረቀቱ ላይ ብቻዋን ፈረመች።

ጫምሳ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ቅዳሜ ግን እንደ ወትሮው በፌስታል ዓሣ አንጠልጥሎ በሩን አንኳኳ። «የምን መልእክት?» አለ። ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ አሳያት፤ ምንም የለም። «አጥፍተኸዋል!» ብላ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ቅዳሜ አልፏል፤ ጂጂን አላያትም።

ኤቢሴ መኪናዋን ማሠልጠኛው ግቢ አቁማ በእግሯ ወደ ፈሪድ ሱቅ ሄደች። ፈሪድ አምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ድሮ ሬዲዮ አሁን ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። የስልኳን መልእክት ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይሄን እንዳለ ያትሙልኝ። ሰዓቱም፣ ‘ተነቧል’ የሚለውም በደንብ ይታይ።»

ፈሪድ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። አነበበ፤ ቶሎም ቀና አላለም።

«ልጅቷ ተረፈች?»

«ተርፋለች።»

«አልሐምዱሊላህ። ሰውየው አሁን የያዘው ስልክ ምንድን ነው?»

«ምን አገባኝ?»

«አይፎን ነው ወይስ ሌላ?»

«ድሮ አይፎን ነበረው፣ አብረን ነው የገዛነው። አሁን አንድሮይድ ነው የያዘው። ቁጥሩ ግን ያው ነው።»

ፈሪድ ስልኩን ወደ እሷ መልሶ ገፋው።

«እህቴ፣ ይሄ አልደረሰውም።»

«እንዴት አልደረሰውም? ተነቧል ይላል እኮ! አይታይዎትም?»

«ይታየኛል። እስቲ አንዴ ስሚኝ። ያንቺ ስልክ የእሱ ዛሬም አይፎን ይመስለዋል። ሰማያዊው በኢንተርኔት ነው የሚሄደው። ሲም ካርዱ የትም ይግባ፣ መልእክቱ የሚሄደው የድሮው ስልክ ላይ ነው። ስልክ ሲቀይር ይሄን አገልግሎት ማጥፋት ነበረበት፤ አላጠፋም። ብዙ ሰው አያውቀውም። በተራው መንገድ ቢሄድ ኖሮ አረንጓዴ ሆኖ እጁ ይገባ ነበር።»

«ታዲያ ማን አነበበው?»

«እሱን እንጃ። አንድ ሰው አንብቦታል። ማን እንደሆነ ስልኩ አያውቅም።» ራሱን ነቀነቀ። «አሁን እንኳ ሁለቱን ዓይነት ስልኮች የሚያግባባ አዲስ ነገር መጥቷል ይላሉ። ካምፓኒዎቹ ስንት ዓመት ተኳርፈው ቆይተው…»

«ስለ ካምፓኒ አልጠየቅኩዎትም! ያትሙልኝ።»

ፈሪድ አተመላት። ወረቀቱን ሲሰጣት ግን ጫፉን ወዲያው አልለቀቀውም።

«ለሽማግሌ ከሆነ የምታሳዪው፣ የነገርኩሽንም አብረሽ ንገሪያቸው።»

ነጥቃው ወጣች።

መንገዱ ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ኤቢሴ ሁለት ሕንፃ ሳትሄድ ቆመች። የጫምሳን የድሮ ስልክ የት እንዳየችው ትዝ አላት። ከሦስት ወር በፊት በጂጂ ልደት ቀን የጫምሳ ታላቅ እህት ቡዜ ልጅቷን ቪዲዮ ስትቀርጽ ነበር። ያን ቀን ጥጉ የተሰነጠቀውን ስልክ አይታ በውስጧ «ለእህቱማ ሰጣት» ብላ ተቀይማ ነበር።

ቡዜ ገበያው ውስጥ መጋረጃ ትሸጣለች። ኤቢሴ ስትደርስ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጨርቅ ትጠቀልላለች። ድሮ «እትዬ» ነበር የምትላት።

«ቡዜ፣ የጫምሳ ስልክ አንቺ ጋ ነው?»

ቡዜ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ጥቅሉን አስቀመጠች።

«ሰላምታም ተረሳ? እኔ ጋ ነው። ምን ሆነ?»

ኤቢሴ ወረቀቱን ዘረጋችላት። ቡዜ አንዴ ብቻ አየችው። ትክዳለች ብላ ነበር ኤቢሴ፤ ለክህደቷ የሚሆን ስድብም አዘጋጅታ ነበር።

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ» አለች ቡዜ።

«እና ዝም አልሽ? የወንድምሽ ልጅ ስትሞት ዝም አልሽ?»

«አልሞተችም።»

«ልትሞት ነበር!»

«እሱን እኔ በምን ልወቅ?» ቡዜም ጮኸች፤ የጎረቤት ነጋዴዎች ዞረው አዩ። «ይሄን ስልክ ሳይሰጠኝ በፊት ሦስት ጊዜ ታመመች ብለሽ ከላንጋኖ አስመጣሽው። ሦስቱንም ጊዜ ልጅቷን ደጅ ስትጫወት አገኛት! አንዴማ ከሥራው ሊያባርሩት ነበር። ሌላ ሴት በያዘ ሰሞን ነው ይሄ ሁሉ። ዋሸሁ በይኝ እስቲ!»

ኤቢሴ ወረቀቱን መልሳ አጣጠፈችው። እውነት ነው። አንዴ ጉንፋን ነበር። ሌላ ጊዜ ጉንፋንም አልነበረም።

«በአራተኛው አላመንኩሽም» አለች ቡዜ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ኋላ እውነት መሆኑን ስሰማ ደግሞ ምን ብዬ ልንገረው? ‘አንብቤ አጠፋሁት’ ልበለው? አንቺ ብትሆኚ ትናገሪ ነበር?»

«እኔ ሰው አልገድልም።»

«ሂጂ ከፊቴ!»

ኤቢሴ ሄደች። ወደ ኦቦ ማናሴ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ፈሪድ ማንንም አያውቅም። ቡዜ ስለ ራሷ ስትል አትናገርም። ዝም ካለች ወረቀቱ ብቻውን ይፈርድላታል። እሷ ውሸታም፣ ጫምሳ ምስኪን የሚባልበት ቀንም አይመጣም። ይህን እያሰበች ደረሰች።

ኦቦ ማናሴ በረንዳቸው ላይ ከሌላ አንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠዋል። ጫምሳ ከሥራ በቀጥታ የመጣ ይመስላል፤ የእጁ ጥፍር በግሪስ ጠቁሯል። ሲያያት አልተነሳላትም።

«ተኢ፣ ተቀመጪ ልጄ» አሉ ኦቦ ማናሴ። «ዛሬ ከሁለታችሁም የምፈልገው ዱጋ ነው። እውነት ብቻ።»

«እውነቱማ ይሄው ነው» አለ ጫምሳ። «ስድስት ቅዳሜ ልጄን ቆልፋብኛለች። ውሸቷን ለምጄዋለሁ፤ ልጄን መከልከሏን ግን አለምድም።»

«ልጄ አትበል! አንጀቷ ፈንድቶ ስትጮኽ የት ነበርክ?»

«አልተነገረኝም! ስንቴ ልንገርሽ?»

ኤቢሴ ወረቀቱን ለኦቦ ማናሴ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ወረቀቱን አጠገባቸው ለተቀመጠው ሽማግሌ አሳለፉ፤ እሱም አንብቦ ከንፈሩን መጠጠ።

«ጫምሳ» አሉ ኦቦ ማናሴ፣ «ይሄ ተነቧል ይላል። ሰዓቱም አለ። እኔ ምን ልበል?»

ጫምሳ ብድግ አለ። «በእናቴ አፈር! በእናቴ አፈር እምላለሁ አላየሁትም!»

«ወረቀቱ ግን…»

ያኔ ጫምሳ ስልኩን አወጣ። እንደገና ተቀምጦ በዚያ በጠቆረ አውራ ጣቱ መልእክቶቹን ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር። ከሥራ ባልደረባው የመጣ፣ ከባንክ የመጣ፣ ከቴሌ የመጣ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። «ምናልባት ሥራ ላይ ሆኜ ሳላስተውለው…» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ምናልባት ነክቼው…» ራሱን መጠራጠር ጀምሮ ነበር። ያቺን ማክሰኞ ይፈልጋታል።

ኤቢሴ ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች። ግን ጣቱ መስተዋቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማታል፤ ወይም የሚሰማት መሰላት።

«ተወው» አለች። «እዚያ የለም።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«አልደረሰህም። የሄደው የድሮው ስልክህ ላይ ነው። ያነበበችው ቡዜ ናት።» ኦቦ ማናሴን እንጂ እሱን አላየችም። «ቡዜም ዝም ያለችው ስላላመነችኝ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ በውሸት ጠርቼዋለሁ፣ ኦቦ። እርስዎም ዛሬ ይወቁት።»

ኦቦ ማናሴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄን መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት።»

«እና ወረቀቱን ሰጠሽኝ።»

«ሰጠሁዎት።»

ጫምሳ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ጣለው። ፊቱ ሲቀላ ታየ። «ስድስት ሳምንት! ስድስት ሳምንት በሰው ፊት አረመኔ አደረግሽኝ! አሁንም ልታስፈርጂብኝ ነበር! ይቅርታ እንኳ…»

«ይቅርታ አልልህም» አለች፣ አሁን ዓይን ዓይኑን እያየች። «ለውሸቱ ኦቦን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንተን ግን አልልህም። ደረሰህም አልደረሰህም፣ እኔ ብቻዬን ነው የፈረምኩት። ያ ቀን አይመለስልኝም።»

«ለእኔስ ይመለስልኛል?» አለ ጫምሳ። ድምፁ ተሰበረ፤ መሰበሩ አናደደውና ጠረጴዛውን በቡጢ መታው።

ኦቦ ማናሴ እጃቸውን አነሱ። ከቡዜ ጋር ራሳቸው እንደሚነጋገሩ፣ ቅዳሜም እንደ ድሮው እንዲሆን ተናገሩ። ጽሑፉን ግን እንግዲህ በየትኛው መንገድ እንደሚያደርጉት አንድ ስልክ ጠጋኝ ጠርተው ቢያስተካክልላቸው…

«ጽሑፉ ይቅር፣ ኦቦ» አለች ኤቢሴ። «ልጅቷ ከታመመች እደውላለሁ። በድምፅ።»

«ትሰድቢኛለሽ እኮ» አለ ጫምሳ።

«እሰድብሃለሁ። ብቻ ትሰማኛለህ።»

ስልኳን አውጥታ እዚያው ቆማ ቁጥሩን ደወለች። ጉልበቱ ላይ የተጣለው ስልክ ጮኸ። ጫምሳ ስልኩን፣ ከዚያም እሷን አየ፤ ሦስት እርምጃ ነበር በመካከላቸው። ለረጅም ጊዜ ጮኸ። ኤቢሴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ጠበቀችው፤ በመጨረሻ አነሳው።

«ነገ ሦስት ሰዓት» አለችው በስልኩ። «ብትዘገይ በሩን እዘጋዋለሁ።»