ከካሜራው ጀርባ

«ወደ ግራ ጠጋ በሉ። ትንሽ። እንደሱ» አለ ዳዲ።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ያድል የነበረው ሰው እጁ ሰሃኑ ላይ ቀረ። ዳዲን ልደታ ቀብረውት ተመልሰው ሳልስቱም ወጥቷል፤ ድምፁን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሴቶቹ ተያዩ። ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው እናቱ፣ ወይዘሮ እንዳለች፣ ብቻ አልደነገጠችም።

«ልጄ ነው» አለች፣ ከሥራ ሲገባ በር ላይ የሰማችው ይመስል።

በጓሮ ባለችው ክፍል እህቱ ጊፍቲ የማዳመጫው ገመድ ከኮምፒውተሩ መነቀሉን ያወቀችው የወንድሟ ድምፅ ክፍሉን ሲሞላው ነው። ዘጋችው። ግን ዘግይታለች። የድንኳኑ ዝምታ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ይሰማ ነበር።

ጎረቤታቸው ድንቅነሽ በሩን ገፍታ ገባች። «አንቺ ልጅ፣ ሐዘን ቤት ቴፕ ይከፈታል? ሰውን በድንጋጤ ልትጨርሺ ነው?»

«ቴፕ አይደለም እትዬ ድንቅነሽ። የሰርጉ ካሴት ነው።»

«የየትኛው ሰርግ?»

ጊፍቲ የተነቀለውን ገመድ መልሳ ሰካች። ድንቅነሽ መልሱ ሲገባት አማተበች።

ዳዲ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነበር። የሞተውም ከሰርግ ሲመለስ የተሳፈረባት ሚኒባስ ሰንጋ ተራ አጠገብ ተገልብጣ ነው። ካሜራው ደቅቋል። በጃኬቱ የውስጥ ኪስ የነበሩት ካሴቶች ግን ጭረት እንኳ አልነካቸውም።

የሙሽራዋ አጎት ጋሽ ቱሉ ከቀብሩ አልቀሩም፤ አፈርም አልብሰዋል። በሳልስቱ ዕለት ግን ጊፍቲን ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠርተው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ የከበዳቸውን ነገር አወጡት።

«ልጄ፣ ይህን ዛሬ ማንሳቴ ነውር ነው። ግን ቤተሰቡ ተሸብሯል። የሟች ድምፅ ያለበት ሰርግ ለጎጆ ገድ አይሆንም እያሉ ነው። ድምፁን አውጥተሽ፣ ዘፈን አስገብተሽ ዲቪዲውን ስጪን። ካሴቶቹንም። ኮምፒውተሩም ላይ ምንም አይቅር።»

«ምንም?»

«ምንም። በኔ ቢሆን አልጠይቅሽም ነበር።»

ጊፍቲ እሺ አለች። የሰው ሰርግ ነው፤ ምን ብላ ትከልክላቸው።

አሁን ድንቅነሽን ተከትላ እናቷ መጣች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች በሩ ላይ ቆመች።

«አጥፊው አሉሽ?»

«አዎ እማዬ።»

«እሺ አልሽ?»

«ሰርጉ የነሱ ነው።»

«ሰርጉስ የነሱ ነው» አለች እንዳለች። «ድምፁ የማን ነው?»

ሳሎን ውስጥ ሻማ የበራለት ፎቶ ከቀበሌ መታወቂያው ተነሥቶ እንዲጎላ የተደረገ ነው። ማኅተሙ ጉንጩ ላይ አርፏል፤ ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ «ይሄ ዳዲ ነው?» ይላል። ሌላ የላቸውም። የክርስትናው፣ የጥምቀቱ፣ የጊፍቲ ምርቃት ፎቶ መሳቢያ ሙሉ አለ፤ ያነሳው እሱ ስለሆነ በአንዱም ውስጥ የለም። ጊፍቲንም ኤዲቲንግ ያስተማራት እሱ ነው። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጥፍሩን እየነከሰ፣ «ቆረጣሽን ሰው ካወቀብሽ ገና አልቻልሽበትም» ይላት ነበር።

ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። ድምፁ ሲወጣ ምስሉ ሌላ ሆነ። የሰርጉ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ባንድነት ወደ ግራ ይጠጋሉ። ሙሽራዋ ማንም ሳይጠራት ዞር ትላለች። ሚዜዎቹ ማንም ሳይቀልድ ይስቃሉ። ሁሉም የሚያዩት አንድ ቦታ ነው፤ ጊፍቲ የተቀመጠችበት። አንዴ ሳታስበው ከኋላዋ ማን እንዳለ ዞር ብላ አየች።

የቆረጠችውን አልጣለችም። ትዕዛዙን፣ ሳሉን፣ «አይዟችሁ፣ እኔንም ርቦኛል» ብሎ የሳቀውን፣ አንዱን ካንዱ ገጣጥማ ለእናቷ ሌላ ዲስክ አዘጋጀች። ጋሽ ቱሉ ሳይደርሱ ብላ በከፍተኛው ፍጥነት ዲስኩ ላይ ቀዳችው።

ሐዘን ቤት ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ነጠላ ለብሷል። ነጠላውን ያነሳችው እንዳለች ራሷ ናት። ሴቶቹ ሲያጉረመርሙ ዞር አለችባቸው።

«ልጄን ልስማበት። የከበዳችሁ ድንኳኑ አለላችሁ።»

ማንም አልወጣም። ዳዲ ሳለ፤ አዘዘ፤ ሳቀ። መጨረሻው አካባቢ፣ የሙሽራዋ ዘመዶች እንደተሰለፉ ምስሉ ደርቆ ቆመ። ድምፁ ብቻ ቀጠለ።

«ቦ… ቦ… ቦ…»

«ነፍሱ አላረፈችም» አለች ድንቅነሽ በቀስታ። «የሚናገረው ነገር አለው።»

«ዲስኩ ነው። ቸኩዬ ነው» አለች ጊፍቲ። ማንም አላመናት።

እንዳለች ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ምን ልትል ነው ልጄ?»

«ቦ…» አለ ዳዲ።

«እማዬ፣ ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ። ልንገርሽ?»

«ተይ። ራሱ ይንገረኝ።»

ጊፍቲ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ሥራ ስትጀምር አንድ ሰርግ እንዲሁ ተንተባትቦባት ነበር። ዳዲ አልተቆጣትም፤ «ዲስክ እንደ ሕፃን ነው። ቀስ ብለሽ ካላጎረስሽው ያንቀዋል» ነው ያላት። ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጋ ጉልበቷን አቅፋ ጠበቀች። ዲስኩ ሞቆ እንደወጣ ጋሽ ቱሉ ደረሱ። ሙሽሮቹ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ይጠብቋቸዋል፤ ጫጉላ ላይ ያለ ሰው ሐዘን ቤት አይገባም። ስለዚህ ለመሞከር ፋታ አላገኘችም። የነሱን ዲቪዲና ካሴቶቹን በፌስታል አስረከበቻቸው፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውንም ዓይናቸው እያየ አጠፋችው።

«የቀረው ይሄ ብቻ ነው» አለች፣ ዲስኩን ደረቷ ላይ ይዛ። «ይሄን ግን አልሰጥዎትም። ከተበላሸም ሌላ የለኝም።»

ሽማግሌው ዲስኩን አዩት። «እኔ ምንም አላየሁም» ብለው ወጡ።

ጊፍቲ ሳሎን ገብታ ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ሥር ባለው ዴክ ውስጥ አስገባችው። ዳዲ ሳለ፤ አዘዘ፤ ሳቀ። ዘመዶቹ ተሰለፉ። ምስሉ አልቆመም።

«አንተስ? ና ግባ እንጂ» አለው ከሰልፉ አንዱ።

«ቦታ ያዙልኝ፣ መጣሁ» አለ ዳዲ።

ካሜራው ማቆሚያው ላይ ሲቀመጥ ምስሉ ተነቃነቀና ረጋ። ሰዎቹ ከመሃላቸው ከፈል ብለው፣ ገና ወደማይታየው ሰው እያዩ ፈገግ አሉ። የእግር ኮቴ ተሰማ። ቀረበ። በስክሪኑ ጠርዝ የትከሻ ጥላ ብቅ አለ። እዚያ ላይ ካሴቱ አልቆበት ነበር፤ ስክሪኑም ሰማያዊ ሆነ።

እንዳለች የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ፍራሹ ላይ ወደ ግድግዳው ተሳበች፤ ከጎኗ የተለቀቀውንም ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።