የአጎዛው ሙግት

ልጆቹን ፊደል የማስቆጥራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ካለው ወይራ ሥር ነው። እኔ ራሴ ከዳዊት አላለፍኩም። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ ግን የሚያስቸግረኝ ፊደሉ አይደለም። ልጆቹ በተጣሉ ቁጥር ድንጋይ ያነሣሉ። ቤታቸው የሚያዩት ምንድን ነው? አባት ከጎረቤቱ ሲጋጭ የጣሊያን ምሽግ ሄዶ ይናገርበታል፤ እናት አጥር ላይ ቆማ ትራገማለች።

ስለዚህ የአባቶቻችንን ሙግት አስተማርኳቸው። የተጣሉ ሁለት ልጆች "በሕግ አምላክ" ተባብለው ይቆማሉ፤ ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ይቋጥራሉ፤ ያገኙትን ትልቅ ሰው ዳኛ ያደርጋሉ። የተጠራ ዳኛ አልፎ አይሄድም። ክረምቱን ሙሉ ይህንኑ ደጋገምኩ። ቤት ሲገቡ ይረሱታል፤ ጠዋት እንደገና እጀምራለሁ።

አንድ ረፋድ ላይ ከገበያ የምትመለስ ሴት ሹክ አለችኝ። ባንዳዎች ከሮብ ገበያ ተነሥተዋል፤ የሚፈልጉት አወቀን ነው። አወቀ የተማሪዬ የፈንታ አባት ነው። ከአርበኞቹ ጋር ሳለ እግሩን ተመትቶ፣ ቤቱ ተደብቆ ተኝቷል። ፈንታ አክስቱ ዘንድ ስለሚያድር አባቱን ጫካ ያለ ይመስለዋል።

ሌሎቹን ልጆች አሰናብቼ ዘንጌን ሳነሣ፣

"በሕግ አምላክ፣ የኔታ!"

ፈንታና አለበል ናቸው። ኩታቸውን ቋጥረው አንድ አጎዛ ይጓተታሉ።

"ዳኛ ይሁኑን።"

"ኋላ።"

"የተጠራ ዳኛ አልፎ አይሄድም ብለው የለም?" አለ አለበል።

"ብያለሁ። አሁን ቸኩያለሁ።"

"የት ሊሄዱ ነው?" አለኝ ፈንታ።

አለበል አጎዛውን ሳበ።

"ትናንትም እሱ ነው የተቀመጠበት!"

"ያንተ ቂጥ ብቻ ነው የሚበርደው?"

"ዝም በሉ! ነገሩን ቀጥሬዋለሁ። እስክመለስ ንቅንቅ እንዳትሉ። ችሎት ላይ ያለ ሰው ከውጭ ሰው አይነጋገርም።"

"ዋስስ?" አለ ፈንታ። "ዳኛው ቢቀርስ?"

ይህንንም ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ዘንጌን ዋስ አድርጌ ሰጠኋቸውና ባዶ እጄን በሸለቆው አቋርጬ ወረድኩ። ወደቅሁ፤ ተነሣሁ። ደረስኩ። ሚስቱ አወቀን ደግፋ ወደ ገደሉ ስትወርድ የበቅሎ ኮቴ ከመንገዱ ተሰማ። በመጣሁበት ሸለቆ ተመለስኩ።

ልጆቹ እንዳሉ ናቸው። የአለበል ጉንጭ ግን ሰንበር አውጥቷል።

"ባንዳዎቹ የአወቀ ቤት በየት ነው አሉን" አለ ፈንታ። "ችሎት ላይ ነን አልናቸው። አባቴ እንደሆነ ጫካ ነው፤ ምን ሊያገኙ!"

"አንዱ በአለንጋ መታኝ" አለ አለበል። "አሁን ይፍረዱ፤ አጎዛው የኔ ነው አይደል?"

"የኔ ነው እንጂ!"

ተጓተቱ። አጎዛው መሃሉ ላይ ተተረተረ።

ለዚህ ነው ክረምቱን ሙሉ የለፋሁት? ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"ከሳሽ ማን ነው?"

አለበል ጀመረ። ፊቱ ወደ መንደሩ ነው፤ ፈንታ ደግሞ ለመንደሩ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አለበል ነገሩን አቋርጦ ከፈንታ ትከሻ በላይ አፈጠጠ። ዞሬ አየሁ። ጭስ ነው፤ ከነፈንታ ጣራ የሚነሣ።

"ይውሰደው" አለ አለበል።

"ለምን?" ፈንታ ተቆጣ። "ሳይፈረድልኝ አልወስድም! የኔታ፣ ይፍረዱ እንጂ!"

አለበል ዓይን ዓይኔን አየኝ። የኩታቸውን ቋጠሮ ልፈታ እጄን ሰደድኩ። በጎተቱት ቁጥር ጠብቆ ኖሮ አልፈታ አለኝ።