ጨለማ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፖስታ

ጥቁሩን ቴፕ በአውራ ጣቷ እየተጫነች በሳጥኑ ክዳን ጠርዝ ላይ ስንዝር በስንዝር ታስኬደው ነበር። መርፌ የማታስገባ ክፍተት እንኳ ብትቀር ብርሃን ይገባባታል፤ ብርሃን ከገባ ደግሞ የሳምንት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። አራተኛው ማዕዘን ላይ ስትደርስ ቴፑን በጥርሷ ቆረጠችና ጫፉን በመዳፏ ዳበሰችው። የክፍሉን መብራት አጠፋች። የዲቴክተሩን ማብሪያ ተጫነች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና የቆጣሪውን ቀይ ቁጥር ጠበቀች።

ቤተ ሙከራው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮት የለውም። ሥራዋ ብርሃንን ፍሬ በፍሬ መቁጠር ነው። ብርሃን ሲያንስ፣ ሲያንስ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ጥራጥሬ ነጠላ ፍሬ ይሆናል፤ ፍሬዋ ፎቶን ትባላለች። አንዲት ፎቶን ዲቴክተሩን በነካች ቁጥር ድምፅ ማጉያው «ጣ» ይላል። ሳጥኑ በደንብ ከተዘጋ ቆጣሪው በሰከንድ ከአርባ አይበልጥም። አርባው የመሣሪያው የራሱ ማጉረምረም ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጠዋት ጠዋት «አርባ ነው» እያለች ስለምትመዘግብ የሥራ ጓደኞቿ ስሟን ትተው «አርባ» ይሏታል።

ቁጥሩ በራ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ስድሳ።

ድምፅ ማጉያው የጋለ ዘይት ውስጥ ውሃ የገባ ይመስል ተንጣጣ። ክው አለች። ሳጥኑ ለሁለት ሳምንት ሥራ ፈትቶ ቆይቶ መቁጠር የጀመሩት ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት ሺህ ገደማ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ወረደ። ማክሰኞ ጠዋት ተመልሶ ሺህ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ቴፑን ሦስት ጊዜ ደርባ ለጥፋዋለች፤ ከውጭ የሚገባ ነገር የለም። እንግዲህ ብርሃኑ የሚመጣው ከውስጥ ነው።

ውስጥ ያለውን ደግሞ ታውቀዋለች።

ሳጥኑ ወለል ላይ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር፣ አንድ የታሸገ ነጭ ፖስታ አለ። የሆስፒታል ማኅተም አለበት። የአክስቷ የጡት ናሙና ምርመራ ውጤት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት አክስቷ ከመዝገብ ክፍል ተቀብላ በእጇ ሰጠቻት። «ያዥው፤ ዶክተሩ ጋ አብረን ይዘነው እንገባለን። አንቺ ቀን አስቆርጪ» ነበር ያለቻት። እሷ ግን ቀን አላስቆረጠችም። አክስቷ በጠየቀቻት ቁጥር ዓይኗን በጨው አጥባ «ዶክተሩ እረፍት ላይ ናቸው» ትላታለች።

ያሳደገቻት ይህች አክስት ናት። እቴቴ ትላታለች። እቴቴ ምንጭ ሲጠብቁ ከኖሩ ሰዎች የተወለደች ናት፤ ምንጩ ደርቆ ሰዎቹ ሲበታተኑ ለሷ የደረሳት አንድ ክዳን ያላት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነበረች። የውሃው ቆሌ ያለው እዚያ ውስጥ ነው ትላለች። ማሰሮዋ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከራስ በላይ፣ ተከድና ትቀመጣለች። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ወንበር ላይ ወጥታ ክዳኑን ልታነሳ ስትል እቴቴ እጇን በማንኪያ መታቻት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መትታት አታውቅም። ልጅቷም አንድ ነገር ያዘች፦ የተከደነ ነገር ካላዩት ምንም አያደርግም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኳንተም ፊዚክስ ስትማር ያንኑ ነገር በሌላ ቋንቋ የሰማች መሰላት። አንዲት ፎቶን ሁለት ቀዳዳ ፊት ሲያስቀምጡላት በሁለቱም ያለፈች ያህል ትሆናለች፤ በየትኛው እንዳለፈች ለማየት የሞከሩ ለት ግን አንዱን ትይዛለች። ካልታየ ገና አልለየለትም። አንድ ተማሪ መጥቶ ይህንን ስለ ፖስታ ቢነግራት ትስቅበት ነበር። ነገር ግን ማኅተሙን ባየች ቀን ፈራች፤ ፍርሃት የተማሩትን አይጠይቅም። ቤት ብታስቀምጠው እቴቴ ታገኘዋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ብትይዘው እጇ አያርፍም። በዓለም ላይ የመጨረሻው ጨለማ የት እንዳለ ደግሞ እሷ ታውቃለች። እዚያ ከተተችው።

ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ መሣሪያውን ታጠፋለች፣ ትልቁን መብራት ታበራለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ጨርቁን ገልጣ ፖስታው እንደታሸገ መሆኑን ታያለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ይኸው ነው የምታደርገው።

እና አሁን የታሸገው ነገር ያበራል። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስምንት። በጨለማው ውስጥ ቁጭ ብላ የሆነ ነገር ከዚያኛው ወገን እያያት እንደሆነ ተሰማት።

የመግቢያው ድርብ መጋረጃ ተንኮሻኮሸ።

«አርባ! አለሽ?»

ጋሼ ቴፕ ናቸው፤ ሳጥኑን የሠሩት ሽማግሌ ቴክኒሽያን። የተሰበረ ሁሉ በቴፕ ይድናል ብለው ስለሚያምኑ ነው ስሙ የወጣላቸው።

«አለሁ ጋሼ።»

«ዛሬስ አርባ ነን?»

«ሺህ ከመቶ አርባ።»

«ጉድ ፈላ! ስም ልንቀይርልሽ ነው በይኛ።» በዳበሳ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ቀዩ ቁጥር መነጽራቸው ላይ አብረቀረቀ። ለጥቂት ጊዜ ድምፁን አዳመጡ። «ትናንት ከሰዓት ስንት ነበር?»

«መቶ ሃምሳ።»

«ዛሬ ጠዋት ደግሞ ተመልሶ ሺህ።» ከንፈራቸውን መጠጡ። «የተበላሸ ዕቃ እንዲህ አያደርግም። የተበላሸ ዕቃ ሰዓት አያውቅም። እዚያ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚነቃ ነገር አለ።»

ለቀልድ ነበር ያሉት። እሷ ግን መዳፏን ክዳኑ ላይ ጫነች።

«ክፈቺውና እንየው።»

«ኧረ ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው የለጠፍኩት!»

«አሁን?» ዞር አሉ። «ማታ እኔ ራሴ ዘግቼው ሄጄ የለ? ማን ከፈተው?»

ጋሼ ቴፕ መሣሪያውን አጠፉ፤ ድምፁ ቀጥ አለ። መብራቱን ሲያበሩት ዓይኗን ጨፈነች። ቴፑ ሲላጥ፣ ክዳኑ ሲነሳ፣ ጨርቁ ሲገለጥ በጆሮዋ ተከተለችው።

«ይሄ» አሉ፣ «ሹራብ የሠሩልኝ ሴትዮ ስም አይደለም?»

ዓይኗን ገለጠች። ፖስታውን በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘውታል። የለበሱትም አክስቷ የሠራችላቸውን ያንኑ ግራጫ ሹራብ ነበር።

«ነው።»

«የሚያበራው እሱ ነው። ነጭ ወረቀት የመብራት ብርሃን ይጠጣል፤ ጨለማ ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ ለሰዓታት ትንሽ በትንሽ ይተፋዋል። ዓይናችን አያየውም፤ ዲቴክተሩ ግን ያየዋል። ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም፤ እኔም የተማርኩት የገዛ ማስታወሻዬን ሳጥኑ ውስጥ ረስቼ ነው።» ፖስታውን አገላበጡት። «ጠዋት ጠዋት እየከፈትሽ ብርሃን አጠጣሽው። እሺ፣ እዚህ ምን ይሠራል?»

ነገረቻቸው። ማሰሮዋን፣ ማንኪያውን፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች፣ «እረፍት ላይ ናቸው» ያለችውን። ስትናገረው ነገሩ ሁሉ በገዛ ጆሮዋ የሕፃን ወሬ ሆኖ ተሰማት።

ጋሼ ቴፕ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻላት ነበር።

«ስንት ቀን ሆነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ልጄ፣ አንቺ እኮ ነሽ ለተማሪዎቹ የምታስረጂው። ለመታየት የሰው ዓይን ያስፈልጋል ብለሽ ታውቂያለሽ? የአቧራ ቅንጣት ይበቃል። አንዲት የአየር ቅንጣት ገጭታው ብታልፍ ይበቃል። ይሄን ነገር ሐኪም በማይክሮስኮፕ አይቶ ጽፎ ፈርሞበታል። ከሱ በፊት ደግሞ የሴትየዋ ደም ያውቀዋል፣ ሥጋዋ ያውቀዋል። ያላወቃችሁት አንቺና እሷ ብቻ ናችሁ።»

«ጋሼ... ገድያት ይሆን?»

ፖስታውን አቀበሏት። «እሱን እኔ አላውቅም» አሉ። «ሂጂ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ፖስታውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። ጠራራ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀች። ይጠጣል፣ አለች በሆዷ፤ አሁንም እየጠጣ ነው። ሦስት ጊዜ የማቆሚያውን ቁልፍ ልትጫንና ወርዳ ልትመለስ ቃጣት። በየማቆሚያው አሥራ ዘጠኝን ደግማ ቆጠረች፤ ቢያንስ አሥራ ስምንት ቢሆን ብላ።

የቤቱን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ማሰሮዋን ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ናት። ክዳኗ ተነስቶ አጠገቧ ተንጋሏል።

«እቴቴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

እቴቴ ከቧንቧው ዞረች፤ እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው። «አንቺ በዚህ ሰዓት ልብሽ እስኪወልቅ ሮጠሽ መጥተሽ እኔን ምን እያደረግሽ ነው ትይኛለሽ? ውሃ እየቀየርኩ ነው።»

«ይከፈታል እንዴ?»

«ውሃ ነዋ ሚጣ! ካልቀየሩት ይሸታል። በወር በወሩ እቀይረዋለሁ።»

«ተከፍቶ አይቼው አላውቅም።»

«ያኔ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሥራ፤ መቼ ቤት ትውያለሽና ነው የምታዪው?»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን መታሽኝ?»

«ወንበር ላይ ተንጠልጥለሽ ማሰሮውን አናትሽ ላይ ልትከምሪው አልነበር? ደግሞ በዚያ ጭቃ እጅሽ!» እቴቴ ልትስቅ ጀመረችና የልጅቷን ፊት ስታይ ተወችው። «ምን ሆነሻል?»

«ካልታየ ምንም አያደርግም ብዬ ነበር የማስበው። ለዚያ የምትከድኚው።»

«ማን እንዲህ አለሽ? የምከድነው ስላለ ነው። የሌለ ነገር ክዳን ምን ያደርግለታል? ይከደናል፤ ቀኑ ሲደርስ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ይታጠባል። ትተውት እንዲሸት የሚፈልግ ቆሌ አላውቅም።»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ፣ ከክዳኑ አጠገብ አስቀመጠችው። እቴቴ ማኅተሙን አየች።

«ዶክተሩ ተመለሱ?»

«የትም አልሄዱም። ዋሽቼሽ ነው። ፈራሁ።»

ቧንቧው በደንብ አልተዘጋም ነበር፤ ማጠቢያው ላይ ጣ፣ ጣ፣ ይላል። የእቴቴ እጅ ሳታውቀው ወደ ግራ ጡቷ ሄዶ ቆመ፤ ቀሚሷ ላይ እርጥብ መዳፍ ታተመ።

«ሰሞኑን እብጠቱ ጨምሯል» አለች ዝግ ብላ። «እንዳላስፈራሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ያዘች። ይህን አልጠበቀችም ነበር። እቴቴ እጇን በፎጣ አደረቀች፣ በአንገቷ ያንጠለጠለችውን መነጽር አደረገች፣ የፖስታውን ጠርዝ በቢላ ቀደደች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ልጅቷ ገፋችው።

ተገኝቷል ይላል። ገና እንዳልተሰራጨም ይላል። ከታች በእጅ ጽሑፍ «በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕክምና ይጀመር» የሚል ተጨምሮበታል፤ «በሁለት» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። አሥራ አራት ከአሥራ ዘጠኝ ላይ ቀነሰች። የቀረውን አምስት ይዛ ቆመች።

«ያኔ በማንኪያ ነበር የመታሁሽ» አለች እቴቴ። «ዛሬ ምን አንስቼ ልምታሽ?»

«ምቺኝ።»

«ዞር በይ ከፊቴ። ስልኬን አምጪ።»

ሆስፒታሉ ጋ እቴቴ ራሷ ደወለች። ስሟን ሁለት ጊዜ፣ የወረቀቱን ቀን ሦስት ጊዜ ተናገረች። «አዎ፣ ዘግይቷል» አለች፤ በማን ምክንያት እንደሆነ አልተናገረችም። «እሺ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት።» ስልኩን አስቀመጠች።

«ይደርሳል እቴቴ?»

«እንጃ። እኔም ፈርቻለሁ።» ማሰሮዋን በክርኗ ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገቻት። «እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንቺ ጨርሺው። እጅሽን ታጠቢ መጀመሪያ።»

እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ማሰሮዋን ዘንበል አድርጋ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ውስጧን አየች፦ ታችኛው ሸክላ ላይ ውሃ ዓመት ለዓመት ያስቀመጠው ነጭ ክብ ምልክት አለ። በጣቷ ዳበሰችው፤ ሻካራ ነው። አለቅልቃ ደፋች፣ እስከ አንገቷ ድረስ ንጹሕ ውሃ ሞላች። ክዳኑን ስታስቀምጠው ሸክላ ከሸክላ ጋር ተንቀጫቀጨ፤ በሁለት እጇ ይዛ እስኪያርፍ ጠበቀችው። ከዚያ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጠረገች፣ ወንበር ላይ ወጣች፣ እቴቴ የወንበሩን መደገፊያ ይዛላት ሳለ ማሰሮዋን ቦታዋ ላይ አስቀመጠች።