ቀድሞ የሚመታ እጅ

ጎረቤቴ ሾፌር ነበር። ሲደነግጥ ዓይኑን ስለሚያርገበግብ ሰፈሩ «ፍሬቻ» ይለዋል። ከሥራ ከተቀነሰ ወዲህ ቤቱን የያዘችው ነርሷ ሚስቱ ናት፤ ሌሊት ሆስፒታል ታድራለች፣ ቀን ትተኛለች። ጊታር መምታት ስለሚችል ለእሱ የቀረችው ተስፋ አንዲት ናት፦ የአንድ ሆቴል ባንድ ጊታሪስት ስለሚፈልግ ሐሙስ ይፈትነዋል።

ግን የት ይለማመድ? የኤሌክትሪክ ጊታሩ ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ሲያጓራ ሚስቱ ብንን ትላለች። ግድግዳ የምጋራው እኔም የጆሮዬን አበሳ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ሲነሳ የሚያቃስት አሮጌ ኮምፒውተር አመጣ። ጊታሩን ከአንዲት ትንሽ ሳጥን፣ ሳጥኗን ከኮምፒውተሩ አገናኝቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። አምፕሊፋየሩንም ምት የሚይዝለትን ከበሮም የሚተካ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ለእኛ የሚሰማን የክሩ ጭርጭርታ ብቻ ነው። ተገላገልን አልኩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይዘገያል» አለኝ። «ክሩን ስመታው ድምፁ ቆይቶ ነው የሚመጣው።»

«እንደ ድሮ ደመወዝህ በለኛ!»

«ግን ዘዴ አግኝቻለሁ። ከከበሮው ቀደም ብዬ እመታለሁ፤ ያኔ ልክ ይገጥማል።»

ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሲቀድም ከረመ። እኔም ጎበዝ አልኩት። ሁለት ሊቃውንት!

ሐሙስ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ።

«ከበሮ መቺው ‹ወንድም፣ አውቶቡስ ሊያመልጥህ ነው?› አለኝ። እጄ ቀድሞ መምታት ለምዷል ጋሼ፤ እምቢ አለኝ። ነገ ጠዋት ድገም ብለውኛል። ከዚያ በኋላ የለም።»

ኮምፒውተሩን ነካካው። መዘግየቱ ሲቀንስ ድምፁ እንደ ጋለ ዘይት ተንጫጫ። ማዳመጫውን ወርውሮ የጊታሩን ጫፍ ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፎ ይመታ ጀመር፤ እንጨቱ ትንሽ ድምፅ ሰጠው። እኔ ጉልበቴን እየመታሁ ምት ያዝኩለት። ከመዳፌ በፊት ይደርሳል።

«ጠብቅ እንጂ!»

«እየጠበቅኩ ነው!»

«እየሮጥክ ነው የምትጠብቀው?»

ከውስጠኛው ክፍል የሚስቱ ድምፅ መጣ፦ «አሁንም ቀደምክ።»

ተቆጣች ብለን ክው አልን። እሷ ግን ብርድ ልብስ እንደተከናነበች መጥታ ከኋላው ተቀመጠችና ትከሻውን በጣቶቿ ትመታለት ጀመር። እጇ ሲያርፍበት ገጠመ። ስታነሳው ሮጠ። ስትመልሰው ገጠመ። የሥራ ሰዓቷ እስኪደርስ እንዲያ ሲሉ ቆዩ።

«ዛሬ ልቅር?» አለችው ጋውኗን ይዛ።

«አንቺ ከቀረሽ ምን እንበላለን?»

ሄደች።

በማግሥቱ ከሆቴሉ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ጊታሩን እንደ በሽተኛ ልጅ አቅፎታል።

«ቀደምክ?»

«እንዳልቀድም ስፈራ ዘገየሁ። ‹ሌላ ሰው ይዘናል› አሉኝ።»

ምላሴ ላይ ቀልድ አልጠፋም፤ ዋጥኩት።

በሩን ገፋ አደረገው። ሚስቱ ከሥራ እንደገባች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተዘርራ ተኝታለች።

«ጋሼ፣ ስትነቃ ምን ልበላት?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ቆመን ትንፋሿን አዳመጥን። ቶሎ ባትነቃ በወደድን ነበር።